ወንዛዬ ላይ ያጠብኳቸው ላባዎች

ይህን ታሪክ ልጻፈው ወይስ ልተወው እያልኩ ብዙ ቀን አመነታሁ። ከሞት አፋፍ የተመለሰ ሰው የለበትም። ፍቅርም የለበትም። ያለው ላባ ነው። አብራኝ የምታድረው ጓደኛዬ "የወፍ ላባ ታሪክ ማን ብሎ ያነባል?" ብላ ስቃብኛለች። እኔም ግማሽ በግማሽ አምኛት ነበር። ሆኖም ያ አራት ቀን ባይኖር ኖሮ ዛሬ የምማረውን ትምህርት ባልተማርኩ፣ ምናልባትም ሰው ደስ እንዲለው ብቻ "እሺ" እያልኩ በኖርኩ ነበር። ስለዚህ እንደ ሆነው እጽፈዋለሁ። የማይረባ ከመሰላችሁ ጥፋቱ የኔ እንጂ የወፎቹ አይደለም።

የጉና ልጅ ነኝ፤ ስሜ ስመኝ ይባላል። ያደግሁበት አገር ገብስና ድንች የሚበቅልበት፣ ከበግ በቀር ብርዱን የሚችል የሌለበት ነው። ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ለአንደኛ ዓመት ትምህርት ስገባ ሐይቅ የሚባል ነገር በዓይኔ አይቼ አላውቅም ነበር። አባቴ ጤና እንድማር ይፈልጋል፤ እኔም "እሺ" ብዬዋለሁ። በዚያን ጊዜ ለሁሉም ሰው መልሴ ይኸው ነበር። ክፍል ቀድሜ እገባለሁ፣ ሰሌዳ እጠርጋለሁ፣ የቤት ሥራ ሳልታዘዝ ሁለት ጊዜ እሠራለሁ።

የሥነ ሕይወት መምህርታችን መምህርት ሀረገወይን ይህን አይተው ይመስለኛል፣ በታኅሣሥ መጀመሪያ አንድ ቀን ጠሩኝ።

"ስመኝ፣ ሐይቅ ዳር ወርደሽ ላባ ትለቅሚልኛለሽ?"

"እሺ።"

"ለምን እንደሆነ አትጠይቂኝም?"

"ለምንድን ነው?" አልኩ፣ ጠይቂ ስለተባልኩ።

ሳቁና አስረዱኝ። በጣና ዳር ረጅም እግር ያላቸው፣ ውሃና ጭቃ ውስጥ እየተራመዱ የሚበሉ ወፎች አሉ። አንድ ዛፍ ላይ አብረው ያድራሉ፤ ሲነጋ ግን እያንዳንዱ ወደየምግቡ ይሄዳል። ሳቢሳ ነጩ ነው፤ ከከብት ኋላ እየተከተለ አንበጣ ይለቅማል። ጋጋኖ ቆልማማ አፉን ጭቃ ውስጥ እየሰካ ትልና ቀንድ አውጣ ያወጣል። ሽመላ ያልነው ግራጫው ረጅሙ ደግሞ ዓሣ ይጠብቃል። መምህርት ማወቅ የፈለጉት እንደ እርሳስ ያለ መርዛማ ብረት ወደ ወፎቹ ገላ የሚገባው በየትኛው ምግብ በኩል እንደሆነ ነው።

"ወፍ ሳይገደል በምን ይታወቃል?" አልኩ። ይህን ማንም ጠይቂ አላለኝም።

"በላባው። ላባ ሲያድግ ከደም እየጠጣ ነው የሚያድገው። ካደገ በኋላ ደሙ ይዘጋል። ያኔ ወፉ የበላው ነገር ውስጡ ተዘግቶ ይቀራል።"

ሐሙስ ዕለት ወረድን። ሾፌራችን ጌታሰው የሚባል ወሬኛ ሰው ነው። መምህርት መንገዱን ሙሉ የሚያስጠነቅቁን አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ላባውን ብረት እንዳይነካው። ስቴፕለር የለም፣ መርፌ ቁልፍ የለም፣ ቆርቆሮ የለም። እኔ የብር ቀለበቴን አወለቅሁ። የእንጨት መስቀሌን ከብረት ሰንሰለቱ አውጥቼ በክር አንጠለጠልኩት። ጌታሰው በመስታወት አየኝና፣

"መምህርት፣ እንግዲያ መኪናውም ብረት ነው፤ ላባውን ተሸክመን በእግራችን እንሂድ?" አለ።

ሐሙስና ዓርብ በውሃው ዳር ካለ አንድ ትልቅ ዋርካ ሥር ለቀምን። ወፎቹ ከሁለት ሳምንት በፊት ማደሪያቸውን ለውጠው ወደ አንዲት የሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ዛፎች ሄደዋል። ዋርካው ሥር የቀረውን ላባ አንድ ሳናስቀር ሰበሰብን። መምህርት ቤተ ክርስቲያኑን አስቀድመው ጠይቀው ቄሰ ገበዙ "ከቅጽሬ ምንም አይወጣም" ብለዋቸው ነበር። ስለዚህ ያለን ይኸው ብቻ ነው። ሰኞ ጠዋት አንድ ባልደረባቸው ላባውን ይዞ ወደ አዲስ አበባ ላብራቶሪ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ለዚህ ዓመት ዕድል የለም።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ መምህርት ወገባቸውን ስላመማቸው ወንዛዬ ፍል ውሃ ልናድር ሄድን። ላባ የያዙትን የወረቀት ፖስታዎች በካርቶን አድርገው ሰጡኝና፣ "አደራ፣ እስክወጣ ያዢልኝ" ብለው ሊታጠቡ ገቡ።

እዚህ ላይ ስለ ቤታችን ልንገራችሁ። በእኛ ዘንድ የተዋሱት ወይም በአደራ የያዙት ዕቃ ሳይታጠብ አይመለስም። እናቴ የጎረቤት ማሰሮ ሁለት ጊዜ አጥባ ነው የምትመልስ። ቆሻሻ ነገር ለታላቅ ሰው ማቀበል ነውር ነው። ካርቶኑን ከፈትኩ። ላባዎቹ ጭቃና ኩስ ለብሰዋል። እኚህ ሴትዮ ሁለት ቀን ሙሉ ጎንበስ ብለው የለቀሙትን እንዲህ አድርጌ ልመልስ?

ጥንቃቄዬን ብታዩ! የፕላስቲክ ሳፋ ተዋስኩ፣ ብረት እንዳይነካ። ሳቢሳውን ለብቻ፣ ጋጋኖውን ለብቻ፣ ሽመላውን ለብቻ አደረግሁ። ውሃውን ከምንጩ ቀዳሁ፤ ደግሞ እንዴት ያለ የሞቀ ውሃ! አንድ በአንድ አሽቼ በንጹሕ ነጠላ ላይ አሰጣኋቸው። የሳቢሳው ላባ እንደ ጥጥ ነጣ። መምህርት ሲያዩ የሚሉኝን እያሰብኩ ለብቻዬ ፈገግ አልኩ።

አጠገቤ እግራቸውን የሚነክሩ አንዲት እናት ነበሩ።

"ይህን ሁሉ ላባ ለትራስ ነው ልጄ?"

"አይ እማማ፣ ለጥናት ነው። ብረት እንዳለበት ሊታይ ነው።"

"እንዲያ ከሆነ ስለ ምን በዚህ ውሃ አጠብሽው?"

"ምነው? ውሃው ንጹሕ አይደለም?"

"ንጹሕስ ንጹሕ ነው። እኔ ከአንበሳሜ በየዓመቱ እመጣለሁ። አንድ ጊዜ በጀሪካን ወስጄ ሳፈላበት ማንቆርቆሪያዬ ውስጡ ድንጋይ አበቀለ። ከምድር ሆድ ስንቱን ብረትና ድኝ አሟሙቶ ነው የሚመጣ! ለዚህም አይደል ወገብ የሚፈታ?"

እጄ ሳፋው ውስጥ እንዳለ ቀረ። ከብረት ሁሉ ጠብቄዋለሁ፤ ቀለበቴን እንኳ አውልቄያለሁ። ግን ውሃ ራሱ ብረት ሊይዝ ይችላል ብዬ ለአንዲት ደቂቃ አላሰብኩም ነበር።

የነጠላው ላይ ላባ በፀሐይ ያበራል። ማንም አላየኝም። መምህርት የሚያዩት የጸዳ ላባ ነው፤ "ጎበዝ" ይሉኛል። ላብራቶሪው የሚያገኘው ብረት ግን የወፉ ይሁን የወንዛዬ ማንም አያውቅም። ዝም ልበል? እውነቱን ልንገራችሁ፣ ላባዎቹን ወደ ፖስታቸው መመለስ ጀምሬ ነበር። ሦስተኛው ፖስታ ላይ እጄ እንቢ አለኝ።

መምህርት ፊታቸው ቀልቶ፣ ነጠላቸውን ራሳቸው ላይ ጠምጥመው፣ እየተፍለቀለቁ መጡ።

"ኧረ ስመኝ፣ ወገቤ አዲስ ሆነ! አንቺም ግቢ።"

"መምህርት፣ አጠብኳቸው።"

"ምኖቹን?"

"ላባዎቹን። በፍል ውሃው።"

ቆመው ነጠላውን አዩ። ሳፋውን አዩ። ከዚያ እንፋሎቱ ወደሚወጣበት ምንጭ ዞሩ።

"ሁሉንም?"

"ሁሉንም።"

ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።  አልቅሼ ይቅርታ ለመጠየቅ አፌን ስከፍት ጌታሰው ከኋላ መጣና ሁኔታውን ሰምቶ፣

"እንግዲህ ወፎቹ ተጠምቀዋል፤ ቤተ ክርስቲያን የገቡት በከንቱ አይደለም" አለ።

መምህርት ላለመሳቅ ታገሉ፤ አልቻሉም። ሲበቃቸው ግን በቀስታ እንዲህ አሉኝ፦ "ማጠቡስ ይታጠባል፤ ላብራቶሪ ውስጥ፣ በተጣራ ውሃ። ዝም ብትዪኝ ኖሮ የውሸት ውጤት እጽፍ ነበር። ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ። አሁን ግን እጃችን ባዶ ነው። ነገ ጠዋት ቄሰ ገበዙ ዘንድ እንሄዳለን። እኔን አንድ ጊዜ መልሰውኛል፤ የምታናግሪያቸው አንቺ ነሽ።"

"እሺ" አልኩ። በሕይወቴ እንደዚያች "እሺ" የከበደችኝ የለችም።

ቅዳሜ ማለዳ ደረስን። ዛፎቹ ላይ ወፎቹ ይንጫጫሉ፤ መሬቱ ላይ ላባ ተበትኗል። ቄሰ ገበዝ ምናሴ፣ የቤተ ክርስቲያኑን ንብረት የሚጠብቁት አባት፣ ደጀ ሰላሙ ላይ አዲስ የሶላር ባትሪ ከድምፅ ማጉያው ጋር ሲያያይዙ አገኘናቸው። መስቀል አሳለሙን።

"አያችሁ፣ አሮጌው ሞቶ መከራ ሲያበላን ከርሞ ነበር። አሁን ቅዳሴያችን እስከ ሐይቁ ማዶ ይሰማል" አሉ በኩራት። ከዚያ መምህርትን አወቋቸው። "አይ መምህርት! ነግሬዎት አልነበር? ከዚህ ቅጽር ደረቅ ጭራሮ አይወጣም። በታቦቱ ዛፍ ያደረ ወፍ ላባውም የታቦቱ ነው።"

መምህርት ወደ እኔ አዩ። 

"አባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?"

"ጠይቂ። የየት አገር ልጅ ነሽ?"

"የጉና።"

"የብርድ አገር ሰው! በይ እስቲ።"

"የሰው በሬ ጠፍቶ እዚህ ቅጽር ውስጥ ቢያድር የማን ነው?"

"የባለቤቱ ነዋ።"

"ጠጉሩስ?"

"እሱም የባለቤቱ።"

"ጠጉሩ ከምን በቀለ?"

"ከበላው ሣር።" ዓይናቸውን ጠበብ አደረጉ። "ወዴት ልትወስጂኝ ነው ልጄ?"

"ላባም እንደዚያው ነው አባ። ከደም ይበቅላል፤ ደሙ ከምግብ ነው። ምግቡ ደግሞ ከቅጽሩ ውጭ ካለው የሩዝ ማሳ፣ ከቦዩ ጭቃና ከሐይቁ ነው። እዚህ የሚያድሩ እንግዶች ናቸው እንጂ ከታቦቱ የበሉት የለም።"

ቄሰ ገበዙ ጢማቸውን ዳበሱ። ጌታሰው በስተኋላ "ወይ ጉና!" ሲል ሰማሁት።

"እዚህ እንደማይበሉ አይተሻል?"

"አላየሁም።"

"ያላየሽውን ነው የምትመሰክሪ?" ሳቅ አሉ። "እንግዲያ ተቀምጠሽ እይ። ዛሬ እስኪመሽ ድረስ። ካልበሉ ላባው ያንቺ ነው። ከበሉ ግን ትተሽ ትሄጃለሽ። ምስክሯ ራስሽ ነሽ፤ እኔ አንቺን ነው የምጠይቅ።"

እማሆይ ጥሩ ከሚባሉ፣ ግቢውን ከሚጠርጉ መነኩሲት ጋር አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ሳቢሳዎቹ ወደ ከብቱ ሄዱ። ሽመላዎቹ ውሃው ዳር በአንድ እግር ቆሙ።

"እነዚህን 'ቆሞ ቀዳሽ' ነው የምላቸው" አሉኝ እማሆይ። "ከኛ ዲያቆናት የተሻለ ይቆማሉ። ብቻ ጾም አያውቁም፤ በነቢያት ጾም ዓሣ ይበላሉ።"

ጋጋኖዎቹ ከቅጽሩ በታች ያለውን ቦይ ቀኑን ሙሉ ቆረቆሩት። እኔ እንኳን ላንቀላፋ ውሃ ለመጠጣትም ዓይኔን አልነቀልኩም። ስድስት ሰዓት አለፈ። ዘጠኝ ሆነ። አንድም ወፍ ቅጽሩ ውስጥ መሬት አልነካም። ልቤ መዝፈን ጀመረ።

አሥር ሰዓት ገደማ አንድ ጋጋኖ ከቦዩ ተነስቶ በግንቡ ላይ አለፈና እማሆይ ውሃ የሚደፉበት እርጥብ ቦታ ላይ አረፈ። "ሂድ! እባክህ ሂድ!" አልኩ በሆዴ። ቆልማማ አፉን ሰካ። አወጣ። ደግሞ ሰካ። ሁለተኛው ላይ አንድ ወፍራም ትል እየተወራጨ ወጣ፤ ጋጋኖው አንገቱን ቀና አድርጎ ዋጠው። ከዚያ ምንም እንዳላደረገ ክንፉን አራግፎ ሄደ።

እማሆይ ዓይናቸውን ከድነው ዳዊት ይደግማሉ። ቄሰ ገበዙ ደጀ ሰላሙ ላይ ወደ ሌላ ዞረው ተቀምጠዋል። መምህርት መኪናው ውስጥ ናቸው። በሁለት ቀን ውስጥ ለሁለተኛ ጊዜ የማውቀው እኔ ብቻ ሆንኩ። አንድ ትል! የመምህርት ዓመት ሙሉ ሥራ በአንድ ትል ሊቀር!

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ቄሰ ገበዙ ጠሩኝ። መምህርትና ጌታሰውም መጡ።

"እሺ ምስክራችን፤ በሉ ወይስ አልበሉም?"

"አንድ ጋጋኖ…" ወደ እርጥቡ ቦታ ጠቆምኩ። "አንድ ጋጋኖ አንድ ትል በልቷል አባ። እማሆይ ውሃ ከሚደፉበት።"

መምህርት ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጌታሰው ባርኔጣውን አወለቀ። እማሆይ ግን ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ እየሳቁ ነበር።

"ጠዋት አላልኩዎትም አባ? ካየች ትናገራለች አላልኩም?"

"አይተውት ነበር?" አልኩ።

"ዓይን የሚከደነው ለጸሎት ነው ልጄ፤ ለእንቅልፍ አይደለ" አሉኝ።

ቄሰ ገበዙ ተነስተው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉ። "አንድ ትል ከታቦቱ ከበላ፣ ለታቦቱ የሚቀር አንድ ላባ ነው። የቀረው የውጭ ነው። ነገ ከቅዳሴ በኋላ ልቀሙ። ግን በአንድ ውል፦ ያገኛችሁትን መጥታችሁ ለሕዝቡ ትነግራላችሁ። ላባችንን ወስደው ጠፉ እንዳይባል።"

እሑድ ለቀምን። በፕላስቲክ ጓንት፣ በወረቀት ፖስታ፣ ሳይታጠብ! አንድ ጥቁር የጋጋኖ ላባ መርጬ ለቄሰ ገበዙ ሰጠኋቸው፤ ደጀ ሰላሙ ግንብ ስንጥቅ ውስጥ ሰኩት። ፖስታዎቹ ሰኞ በሰዓታቸው ሄዱ።

ውጤቱ እስኪመጣ ወራት ፈጀ። በሰኔ ለሚካኤል ክብረ በዓል ወደ ሐይቁ ወረድን፤ ከቅዳሴ በኋላ ቄሰ ገበዙ የድምፅ ማጉያውን ማይክሮፎን ለመምህርት ሰጡ፣ መምህርት ደግሞ ለእኔ። ያን ሁሉ ሕዝብ እያየሁ ተናገርኩ። በአንድ ዛፍ አብረው የሚያድሩት ወፎች እንደየምግባቸው ይለያያሉ አልኩ። አንበጣ የሚበላው ሳቢሳ ላባው ላይ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ጥቂት ነው። ዓሣ የሚበላው መካከለኛ ነው። ከቦዩ ጭቃ ትልና ቀንድ አውጣ የሚያወጣው ጋጋኖ ግን ከሁሉም በልጦ ተገኝቷል።

"ጭቃው ውስጥ እርሳስ ማን ጨመረ?" አለ አንድ ገበሬ።

መምህርት መለሱ። "ከብዙ ቦታ ሊመጣ ይችላል። አንዱ ግን የሞተ ባትሪ ነው። የሶላርም የመኪናም። ቦይ ውስጥ ሲጣልና ሲሰበር እርሳሱ ወደ ጭቃው ይገባል።"

ሕዝቡ እርስ በርሱ ተያየ። ቄሰ ገበዝ ምናሴ ነጠላቸውን አስተካከሉ። የእማሆይ ድምፅ ጥርት ብሎ ተሰማ።

"አባ፣ ያ አሮጌው የድምፅ ማጉያ ባትሪ… እርስዎ አይደሉ በግንቡ ላይ የወረወሩት?"

ሰው ሁሉ ወደ እሳቸው ዞረ። ቄሰ ገበዙ ማይክሮፎኑን ከእጄ ወሰዱ። የሚቆጡ መስሎኝ ነበር።

"እውነት ነው" አሉ፣ ድምፃቸው እስከ ሐይቁ ማዶ እየተሰማ። "ከዚህ ቅጽር ጭራሮ አይወጣም እያልኩ ሰው ሳባርር፣ ከሁሉም የከፋውን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ይህች ልጅ ስለ አንድ ትል እውነቱን ነግራኛለች፤ እኔ ስለ ባትሪ ልዋሽ? የወረወረ ሁሉ አብሮኝ ይውረድ!"

ነጠላቸውን አገልድመው በበሩ ወጥተው ወደ ቦዩ ወረዱ። መጀመሪያ ሳቅ ሆነ፣ ቀጥሎ እልልታ፤ ከዚያ ሰዉ ተከተላቸው። ጓንት አስለበስናቸው። የእሳቸው ባትሪ ጎኑ ተሰንጥቆ ጭቃ ውስጥ ተኝቶ ተገኘ። ሌላ ሰው ሌላ አወጣ፤ ከቤቱም ሮጦ ያመጣ አለ። መምህርት በወፍራም ፕላስቲክ እያስጠቀለሉ መኪናው ላይ አስጫኑት፤ ደብረ ታቦር ላይ ተረካቢ ፈልገዋል።

"ላባ ልንጭን የመጣን ሰዎች!" አለ ጌታሰው መኪናው በክብደቱ ሲጎብጥ እያየ። "አሁን ብረት አይንካው የሚል አለ?"

አንባቢዎቼ፣ በአንድ ቀን ጭቃው ጸዳ ብዬ አልዋሻችሁም፤ ገና ብዙ ባትሪ አለ፣ ጋጋኖውም ምግቡን አይመርጥም። የተለወጠው ነገር ግን እኔ ጋ ነው። ሰውን ማስደሰትና ሰውን መጥቀም አንድ ይመስለኝ ነበር። ወንዛዬ ላይ መምህርቴን ደስ ላሰኝ ብዬ ሥራቸውን አጠፋሁ፤ ደስ የማያሰኛቸውን በነገርኳቸው ጊዜ ደግሞ ጠቀምኳቸው። እናንተም ስህተታችሁን የምታውቁት እናንተ ብቻ ስትሆኑ እጃችሁ ሦስተኛው ፖስታ ላይ እንቢ ካላችሁ፣ እጃችሁን ስሙት። እኔ ሰምቼው ለአባቴ ጤና ሳይሆን ሥነ ሕይወት እንደምማር ስነግረው ለመጀመሪያ ጊዜ "እሺ" ያለው እሱ ሆነ።

ያን ዕለት ልንሄድ ስንል ደጀ ሰላሙን ዞሬ አየሁት። ጥቁሩ ላባ ግንቡ ስንጥቅ ውስጥ እንደተሰካ ነው። ቄሰ ገበዙ እጃቸው እስከ ክርናቸው ጭቃ ሆኖ ሊሰናበቱኝ መጡ።

"በይ ልጄ፣ መስቀሉን እንዳሳልምሽ እጄን ልታጠብ።"

"ይታጠቡ አባ" አልኩ። "ብቻ በወንዛዬ ውሃ አይሁን።"

ሳቃቸውን የመጀመሪያው የክረምት ዝናብ አቋረጠው። ቀኑ ሰኔ 12 ነበር።